ሕጉ ከዘመድ ሲጀምር

ወንድሜ የከተማው ግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ጎሳ ስለሌለው ነው። ትምህርቱም ነበረው፤ ግን ጅጅጋ ውስጥ በዚያ ዘመን ትምህርት ብቻውን ወንበር ላይ አያስቀምጥም። የውሃ ቢሮው ለአንዱ ጎሳ ሰው ከተሰጠ የገንዘብ ቢሮው ለሌላው ይሰጣል፤ እንዲህ ተደላድሎ ነው ከተማው የሚያድረው። ግንባታ ቁጥጥር ላይ ግን ማንም ቢቀመጥ ሌላው "ለራሱ ሰዎች ያደላል" ብሎ ስለሚያኮርፍ፣ የማንም ያልሆነ ሰው ተፈለገ። እኛ አያታችን በወታደርነት መጥቶ የቀረ፣ እዚያው የተወለድን፣ ሶማልኛና አማርኛ እኩል የምንናገር፣ ግን ከማንም ጎሳ የማንቆጠር ሰዎች ነን። ይህ አንድ ቀን ያሾማል ብሎ ማን አሰበ?

ጎረቤቱ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እያለ ሊቀልድበት ሞከረ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ከልጅነቱም ቀልድ አይገባውም። ጉቦም አልበላም፤ ይህን መመስከር እችላለሁ። ጉቦ የማይበላ ሰው በደልም የማይሠራ ይመስለኝ ነበር።

የምንኖረው ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ተደርድረው በተሠሩ የቀበሌ ቤቶች ውስጥ ነው። ከኛ ጋር ግድግዳ የምትጋራውን ሴትዮ ኤዶ እንላታለን፤ በሶማልኛ የአባት እህት ማለት ነው። የሥጋ ዘመድ ሆና አይደለም። እናታችን ሥራ ውላ እስክትመለስ ያበላችን፣ ስናጠፋም የገረፈችን እሷ ስለሆነች ነው። ከቤቷ ፊት ለፊት በጣውላና በቆርቆሮ የሠራቻት ሻሂ ቤት ነበረቻት። የሚኒባስ ሾፌሮች ሳይነጋ መጥተው ሻሂ በግመል ወተት የሚጠጡት እዚያ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤት ኪራይዋንም፣ ጉሮሮዋንም የምትሸፍነው በዚያች ሻሂ ቤት ነበር።

መንገዱ ይሰፋል ተባለ። ወደ መንገዱ የወጣ ሱቅ ሁሉ ሕገወጥ ነው፣ ይፈርሳል ተባለ። ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ ከነዚያው ሱቆች ግብር ሲቀበል ሕገወጥነታቸው አልታየውም ነበር። ይህን ለወንድሜ ስነግረው፣

"ግብሩን የተቀበለው ሌላ ክፍል ነው" አለኝ።

"ማዘጋጃ ቤቱ ግን አንድ አይደለም እንዴ?"

"እሱን እኔን አትጠይቂኝ" ብሎ እጁን ታጠበ። ከዚያ ቀስ ብሎ የመጣበትን ነገር አወጣው። ማፍረሱን ከኛው ሰፈር፣ ከኤዶ ሻሂ ቤት ሊጀምር አስቧል። ከሌላ ሰው ከጀመረ "ያሳደገችውን ትቶ" ይባላል፤ ከሷ ከጀመረ ግን የማንም አፍ ይዘጋል። የፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሽማግሌዎቿን።

በኛ አገር ደንቡ እንዲህ ነው። ቢሮ የወሰነብህን ነገር የጎሳህ ሽማግሌዎች ከሰዓት በኋላ፣ በጫት ሰዓት፣ ኃላፊው ካለበት ሄደው ይቀመጡና ጨዋታ ይጀምራሉ። ስለ ዝናብ ይወራል፣ ስለ ከብት ይወራል። ስለ ቤትህ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ እምቢ የሚል ኃላፊ አላየሁም።

"እንዳትልካቸው ለምኚልኝ፤ አንቺን አታሳፍርሽም" አለኝ።

ለመንኳት። እህት ነኝና ወንድሜ ከፍ ሲል ማየት ፈልጌ ነበር፤ በመንደሩ የኃላፊው እህት መባልም አልጠላሁም። ኤዶ ሻሂ ቤቷ ውስጥ ብርጭቆ እያለቀለቀች ሰማችኝ።

"ሽማግሌዎቹ ነገ እንሂድልሽ ብለውኛል" አለች።

"ኤዶ፣ እነሱ ከሄዱ ሥራውን ገና ሳይጀምር አበቃለት። ደግሞ ሁሉም ይፈርሳል እኮ፤ ያንቺ ብቻ አይደለም። ቦታ ይሰጥሻል፣ እኔ ራሴ እከታተላለሁ።"

ቦታ ይሰጥሻል ያለኝ ማንም አልነበረም። ከአፌ ወጣ።

"ወላሂ፣ ለሱ ክብር ከሆነ ይቅር" አለችኝ፤ ብርጭቆዋንም ደፋችው።

አፍራሾቹ ሲመጡ ቆርቆሮዋን ራሷ አስነቅላ፣ ከግድግዳው ጥግ ደርድራ ጠበቀቻቸው። ጣውላውን ሲገነጥሉ ሻሂ ቀድታ ሰጠቻቸው። ወንድሜ ከመኪናው ሳይወርድ በመስኮት እያየ ነበር። ቀጥሎ የአንድ ጫማ ሰፊ ጎጆ ፈረሰች። ሦስተኛው የአንድ ባለጸጋ ነጋዴ ባለሁለት በር መደብር ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ወደ መንገዱ የገባው እሱ ነው። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የነጋዴው ሽማግሌዎች ሄደው ተቀመጡ። በማግስቱ ሥራው "ለተጨማሪ ጥናት" ቆመ።

ቆሞም ቀረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ ዳውላዋ ደግሞ ኤዶ ሆነች። መንገዱም አልሰፋም። የሷ ቦታ ጠጠር ተደፍቶበት ባዶውን ተቀመጠ። ጥላ ዘርግታ ሻሂ ልትሸጥ ስትሞክር ደንብ አስከባሪዎች ቴርሞሷን ወሰዱባት። እኔም እከታተላለሁ ያልኩትን ቦታ ሁለት ቢሮ ጠይቄ፣ "የሚመለከተው ክፍል" ሲሉኝ ሰልችቶኝ ተውኩት። ከዚያ በኋላ በበሯ ሳልፍ እርምጃዬን አፈጥን ነበር፤ እሷ ግን ከውስጥ ሆና "ደህና ዋልሽ?" ትለኛለች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቂት ወራት አልፈው፣ ኃላፊዎች ሕዝብ ፊት ይገምገሙ ተብሎ ከክልል ሰው መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። ያ ጫማ ሰፊ ተነስቶ፣ ማፍረሱ ነጋዴው በር ላይ ሲደርስ ለምን እንደቆመ በግልጽ ጠየቀ። ወንድሜ ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ከክልል የመጣው ሰው "ሌላስ? ተበድያለሁ የሚል አለ?" አለ። ማንም አልተነሳም።

ኤዶ ከፊት ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ሰውየው ደግሞ ጠየቀ፤ እሷም ደግማ ዞረች። ረጅም ጊዜ ቆይታ፣ ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

"መጀመሪያ የፈረሰው የኔ ቤት ነው" አለች በሶማልኛ። "እኔ አሳዳጊው ነኝ። ለዘመዱ ያላዳላ ልጅ ለማን ያዳላል?"

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የጫማ ሰፊው ጥያቄ እዚያው ተቀበረ። የክልሉ ሰው ወንድሜን ለሌሎች ምሳሌ ይሁን አለ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ላይ ተሾመ። እኔም አጨበጨብኩ። እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

ስንወጣ በር ላይ ጠበቅኳት። እፍረቴን በቁጣ ልሸፍን ፈልጌ፣ "ኤዶ፣ ለምን እንዲህ አልሽ? እውነቱን ብትናገሪ ምን ነበረበት?" አልኳት።

"እኔ ብናገር የኔ ሽማግሌዎች ከነጋዴው ሽማግሌዎች ይጣላሉ፤ መሐል የሚገባው ወንድምሽ ነው" አለች። "አንቺ ግን እህቱ ነሽ፤ ጎሳም የለሽ፤ ብትናገሪ ማንንም ከማንም አታጣዪም ነበር። እንድትነሺ ብዬ ነው እኮ ያን ያህል የቆየሁት።"