ማስታወቂያ የማይታይበት ቤት

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን አንድ ሕግ አለው፤ የፊልም ማስታወቂያ አይታይም። ትሬለር የሚሉትን ማለቴ ነው፤ ፊልሙ ገና ሳይመጣ ሳቁንም ልቅሶውንም ቆራርጠው የሚያቀምሱትን። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሱ እሺ አለ። እሱ በምንም ነገር አይከራከርም፣ ይኼም አንዳንዴ ያናድደኛል።

ሰው ሲጠይቀኝ «ፊልሙ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ነው» እላለሁ። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ራሱ ባሌ ነው። የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ ከብረት ጋር ሲታገል የሚውል፣ ሲገባ በሩን የሚሞላ ሰው። ፊልም ላይ ግን ድንጉጥ ነው። የሆነ ነገር ኳ ሲል «በስመ አብ!» ብሎ ክንዴን ጭምድድ ያደርገዋል። ሳቁ ደግሞ መጀመሪያ በአፍንጫው ነው የሚወጣው፣ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ታዲያ ያቺን የመጀመሪያ ድንጋጤ፣ ያቺን የመጀመሪያ ሳቅ ለምን ብዬ ነው ለስልክ የምሰጠው? ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ ደንግጦ ይጨርስና፣ ቅዳሜ ለእኔ ደንግጦ ያለቀለት ሰው ይዞልኝ ሊመጣ? ቅናት ነው በሉኝ። አዎ፣ ቅናት ነው፤ ሰው በባሉ ካልቀና በምን ይቀናል?

ሕጉን ማስከበር ግን ቀላል አይደለም። ደብረ ብርሃን ፊልም የሚደርሰን አዲስ አበባ ከጠገበው በኋላ ነው፤ ሊታይ ሲል ደግሞ ሞንታርቦ የጫነች መኪና ከተማውን ታካልላለች። የፊልሙን ስምና ሰዓቱን ብቻ ተናግራ ብትሄድ ምን ነበረ? የተዋናይቷን ለቅሶ፣ የሰውየውን ዛቻ፣ ሁሉንም እየለቀቀች ነው የምትዞረው። እሷን ስሰማ መስኮት ዘግቼ ሬዲዮ እከፍታለሁ። አንድ ቀን ባጃጆች መንገድ ዘጉባትና ልክ እኛ በር ላይ ቆመች። ባሌ ግቢ ውስጥ ቆሞ እግሩን ይታጠባል። ምን ላድርግ? ወጣሁና ስለሚያፈሰው ጣሪያ ጮክ ብዬ መጨቃጨቅ ጀመርኩ። መኪናዋ እስክትሄድ ድረስ ጮህኩበት። አከራያችን እውነተኛ ጠብ መስሏቸው ነጠላቸውን እየጎተቱ ሊገላግሉን መጡ፤ እሱን ለብቻው ወስደው መከሩት። እሱም አንገቱን ደፍቶ ተመከረ።

ካፌ ስንገባም ቦታውን የምመርጠው እኔ ነኝ። እሱን ጀርባውን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቶ አስቀምጠዋለሁ፤ እኔ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ።

ባለፈው ዓመት ነው፤ ፋብሪካው መለዋወጫ እንዲያመጣ አዲስ አበባ ላከው። እህቱ ቤት አድሮ ተመለሰ። ለእኔም ሹራብ ይዞልኝ መጣ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ አዲስ አበባ ሲወራለት የከረመው ፊልም እኛ ጋ ደረሰና ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። አዳራሹ ከውጭው ይልቅ ከውስጥ ይበርዳል። እኔ እንደ ወትሮዬ ትንሿን ፔርሙዝ ይዣለሁ፤ ሻይ በክዳኗ ቀድቼ፣ ሞቁ እንዲደርሰኝ በሁለት እጄ አቅፌያት ቁጭ ብያለሁ። አንድ ጋቢ ለሁለት ደርበናል።

ፊልሙ ላይ አንዲት ሴት ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ምንም የለም። ወፍ ይንጫጫል፣ ሴትየዋ ታንጎራጉራለች። በዚህ መሃል ባሌ ወደ እኔ ዘንበል አለና «አምጪው፣ ልያዝልሽ» ብሎ ሻዩን ከእጄ ወሰደው። ምን ሆነ ብዬ ዞር ከማለቴ መኪና አጥሩን ጥሶ ገባ። አዳራሹ በአንድ አፍ ጮኸ። ከፊታችን የነበረችው ልጅ ፈንድሻዋን በተነችው። እኔ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ባሌ ግን ቁጭ እንዳለ ነው። በስመ አብ የለ፣ ክንድ መያዝ የለ። ሻዬን ይዞ ተቀምጧል፣ ጠብታ እንኳ አልፈሰሰም።

ደም ስሬ ተገታተረ። እንዳልቃጠል አስቦልኝ መሆኑ ወዲያው ነው የገባኝ፤ የባሰ ያበገነኝም እሱ ነው። መኪናው እንደሚመጣ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ላይ ምን እንደተሠራ አላውቅም፤ የማየው ፊቱን ነበር። ሰው ሲስቅ ትንሽ ዘግይቶ ይስቃል፣ ሰው ሲያዝን ቀድሞ ያዝናል። የአስመሳይ ፊት አስቀያሚ ነው፤ በባሌ ፊት ላይ አይቼው አላውቅም ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ አይተኸዋል አልኩት። ማስታወቂያውን ብቻ ነው ያየሁት አለ፤ በምሳ ሰዓት፣ በሥራ ጓደኛው ስልክ፣ ሳያስበው። ይቅርታም ጠየቀ። ልቤ ሊራራ ትንሽ ቀርቶት ነበር። ግን ማስታወቂያ ያየ ሰው መኪናው በየትኛዋ ደቂቃ እንደሚገባ በምን ያውቃል?

ሰኞ ቢሮ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወጣ ቀረሁና የጆሮ ማዳመጫ ሰክቼ ትሬለሩን ከፈትኩት። ከተጋባን ወዲህ አንድም አይቼ አላውቅም ነበር። መሳም አለ፣ ጥፊ አለ፣ ሆስፒታል አለ። የሚሰጣ ልብስ የለም። መኪና የለም። ደግሜ አየሁት፤ የለም።

ማስታወቂያ አልነበረም ማለት ነው። ሙሉውን አይቶታል፣ አዲስ አበባ፣ ከሆነ ሰው ጋር።

ያ ሳምንት እንዴት እንዳለፈ እኔና ሆዴ ነን የምናውቀው። ያችን ሴት ፈጠርኳት። ጥፍሯ ረጅም ነው፣ ጫማዋ ከደብረ ብርሃን ብርድ ጋር ተዋውቆ አያውቅም፣ ማኪያቶ ስታዝዝ ድምፅዋን ታቀጥናለች። የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ አየኋት። የመጣልኝን ሹራብ አውጥቼ አሸተትኩት፤ እሷ መርጣው ይሆን ብዬ መልሼ ከቁም ሳጥኑ ግርጌ ወተፍኩት። ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር አንገበገበኝ። መኪናው አጥሩን ጥሶ ሲገባ እሱ ያን ጊዜ አላወቀም ነበር። ደንግጧል። በስመ አብ ብሏል። የማንን ክንድ ነው የያዘው? ስሟን ባላውቅም ክንዷን ጠላሁት። እሷ ትኩሱን በልታ ለእኔ የተረፈኝ ሻይ ያዥ ነው።

አከራያችን ፊቴን አይተው ደግሞ ጣሪያው ነው ወይ አሉኝ። አይ እማማ፣ ጣሪያው ተሠርቷል አልኳቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው ብዬ ወሰንኩ። እሱ በረንዳው ላይ የተቃጠለውን የኤሌክትሪክ ምድጃ ፈትቶ ሽቦ ይቀጥላል። ፊቱ ቆምኩ። ትሬለሩን እንዳየሁት፣ ልብስ የምታሰጣው ሴትም መኪናውም እንደሌሉበት ነገርኩት። እኔ ትሬለር ማየቴን ሲሰማ ነው ቀና ያለው፤ ከሁሉም እሱ አስደነገጠው።

«ከማን ጋር ገባህ?» አልኩት።

«ብቻዬን።»

ሳቅኩ፤ የመረረ ሳቅ። ፊልም ቤት ብቻውን የሚገባ ባለትዳር የት አለ አልኩት። የእህቱን ቤት፣ የሱቋን ሴትዮ፣ ሹራቡን፣ የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሽቦውን እንደያዘ እስክጨርስ ሰማኝ። ሴት የምትባል እንደሌለች፣ መለዋወጫውን እስኪያመጡለት ሲጠብቅ ፊልም ቤት አይቶ እንደገባ፣ ማስታወቂያ ነው ያለኝም እሱ ለእኔ እንደሚቀል አስቦ እንደሆነ ነገረኝ። ታዲያ ለምን አልጠበቅከኝም ስለው ሽቦውን ለቀቀ። አይከራከርም ብያችሁ የለ? ያን ቀን ግን ተናገረ።

«አንቺ ፊልም አታዪም» አለኝ። «የምታዪው እኔን ነው። ልስቅ ስል ታዪኛለሽ፣ ልደነግጥ ስል ታዪኛለሽ። ደንግጬ እንኳ ቀና ስል ዓይንሽ እኔ ላይ ነው። አንድ ቀን ማንም ሳያየኝ ማየት አማረኝ።»

አላመንኩትም። እውነቱን ልናገርና ባምነው የባሰ ነበር፤ ሴት ብትኖር የምጠላት አገኛለሁ። ባዶ ወንበርን እንዴት አድርጌ ልጥላው? እሱ እኔ በሌለሁበት ደንግጦ፣ ስቆ፣ ማንንም ሳይፈልግ ወጥቶ ሄዷል። በዚህም ቀናሁ። «ምክንያት ነው የምታበዛው፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው ከፍዬ ገብቼ ፊልሜን ነው የማየው» አልኩት።

«እሺ፣ እንዴት አለቀ?» አለኝ።

የሻዩን ነገር አነሣሁበት፤ አንጀቴ እያረረ ምኑን ልየው አልኩ።

«ይሁን፣ እሱን ተዪው» አለ። «ለፋሲካ ያየነውስ? ያኔ ምንም ጠብ አልነበረም። እሱ እንዴት አለቀ?»

እሱንማ አውቀዋለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። አንድ ልጅ ነበረ፣ እናቱን ይፈልጋል። አገኛት? ሞታ ደረሰ? አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ ልጁ ፊቱም ጠፋኝ። እሱ ፒንሳውን መሬት አስቀምጦ ይጠብቀኛል። ዝም ብዬ ልቀርለት ደግሞ አልፈለግሁም።

«መጨረሻው ላይማ» አልኩት፣ «በጋቢህ ጫፍ ዓይንህን ጠረግህ።»