ከደፉ እስከ በሩ

መጀመሪያ ያየሁት ደፉን ነው። በመምህራን ስብሰባ ላይ በተናገርኩ ማግስት ከማስተምርበት ክፍል ጠርተው ወሰዱኝ። ቦንጋ ውስጥ ያሰሩን ቤት ድሮ የቡና መጋዘን ነበር አሉ፤ በሴቶቹ ክፍል በር ላይ ጎርፍ እንዳይገባ የተሠራ፣ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ የሚል የእንጨት ደፍ አለ። የጫማዬን ክር፣ ነጠላዬንና መቀነቴን፣ ሊታሰር የሚችል ነገር ሁሉ ተቀበሉኝ። ያሳሰረኝን ምላሴን ብቻ ትተውልኝ ደፉን ተሻገርኩ።

ምንጣፉ ጫፍ ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር ልጅ ተቀምጣለች። ባሏ ሲፈለግ ጠፋ፣ እሷ ተገኘች። ከደካ ስለመጣች ሁላችንም "የደካዋ" እንላታለን። ወሯ ገብቷል። ጥጉን የያዙት እትዬ ደግሞ የገበያ ነጋዴ ናቸው፤ ከሁላችን በፊት ስለታሰሩ ክፍሉን እንደ ገዛ ቤታቸው ያስተዳድሩታል።

አንድ ቀን ጠዋት የደካዋ መነሳት አቃታት። አንዱን እግሯን ከፍ ስታደርግ ትጮሃለች።

"ዳሌዋ ወልቋል" አሉ እትዬ፣ እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ። "ያዙልኝና ልሳበው። ወጌሻ ሲሠራ ስንቴ አይቻለሁ!"

ዘልዬ እጃቸውን ያዝኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

"እትዬ፣ እባክዎን አይሳቡት። አልወለቀም።"

"ታዲያ ምን ሆነ?"

"እዚህ ከፊት፣ ከሆዷ በታች፣ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች ይገናኛሉ። መሀላቸው ልም አጥንት አለ፤ በትንሹ ብቻ የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ነው። ሴት ስታረግዝ ለልጁ መንገድ ሊሰጥ ይላላል። የእሷ ከልክ በላይ ላላ።"

እትዬ አሰብ አደረጉ። "አዝራር ቢሆን አጥብቄ እሰፋው ነበር" አሉ።

በዚህ መሀል ፖሊሷ በሩን ከፈተች። "የደካዋ፣ ዛሬ ፍርድ ቤት ነሽ። መኪናው ውጭ ቆሟል። ካልወጣሽ ቀጠሮሽ ይተላለፋል።"

ቀጠሮው ከተላለፈ ልጁ የሚወለደው እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው። እትዬ ወዲያው ብርድ ልብሳቸውን ዘረጉ፤ ተሸክመን እናውጣት አሉ። የደካዋ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"እናቴ በር ላይ ናት። ሁሌ ቆጮ ይዛ ትመጣለች። ወንድሜን እንዲህ ጠቅልለው ነው ያመጡላት፤ ሞቶ ነበር። እኔንም እንዲህ ካየች ልቧ ቀጥ ትላለች። ቲቸር፣ በእግሬ ልውጣ።"

ቢሆንልኝ ዳሌዋን በመቀነት ጠበቅ አድርጌ አስረው ነበር። መቀነት የለም፤ እጅ ግን አለ። መዳፌን በቀኝ ዳሌዋ ላይ አደረግኩ፣ እትዬም በግራዋ፤ ሁለታችንም ወደ ውስጥ ተጫንን። የደካዋ ትንፋሿን ለቀቀች።

"ሻል አለኝ" አለች።

ደፉን እግሯን አንስታ መሻገር አትችልም። ስለዚህ ደፉ ላይ አስቀመጥናት፣ ጉልበቶቿን ገጥመን በቀስታ ወደ ውጭ አዞርናት። ግቢው ውስጥ ቆመች። ከዚያ እስከ ግቢው የብረት በር ያለው መንገድ አጭር ነበር፤ ያን ቀን ግን ረዘመብኝ።

"እናንተ ወዴት ናችሁ?" አለች ፖሊሷ። "የተጠራችው እሷ ናት። ተመለሱ!"

"ከለቀቅናት ትወድቃለች" አልኩ።

"ተመለሱ አልኩ እኮ።"

አልለቀቅንም። ፈርቼ ነበር። ፖሊሷ ወደ በሩ ዞር አለች። ከብረቱ ማዶ አንዲት ቀጭን ሴት ቋጠሮ ታቅፋ ቆማለች። ፖሊሷ ትንሽ አየቻትና ዱላዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ከልጅቷ ኋላ ቆመች።

"እጅሽ የት ላይ ነው?" አለችኝ፣ ሁለት መዳፎቿን ወደ ልጅቷ ዳሌ እያስጠጋች።

"ትንሽ ዝቅ ያድርጉት። አዎ፣ እዚያ ላይ። ሳይለቁ ወደ ውስጥ ይጫኑ።"

"እኔም ወልጃለሁ" አለች፣ ማንንም ሳታይ።

እኔና እትዬ እጃችንን አነሳን። ሁለቱ እንደ ሙሽራና ሚዜ በትንንሽ እርምጃ ሄዱ። እናትየዋ በካፊኖኖ ቋንቋ የሆነ ነገር ብላ ተጣራች። የደካዋ ቀና ብላ መለሰችላት። ቃሉን አልያዝኩትም፤ ድምፅዋ ግን የጤነኛ ሰው ድምፅ ነበር።

በዋስ ተለቀቀች፤ አልተመለሰችም። እትዬ ያን ቀን "እሰይ፣ ምንጣፉ ሰፋልን!" ብለው አለቀሱ።

አሁን እኔም ተፈትቼ ወደ ማስተማሬ ተመልሻለሁ። ድሮ በትንሹ የሚንቀሳቀሱ መገጣጠሚያዎች ጋ ስደርስ "ይህ ፈተና ላይ ብዙም አይመጣም" ብዬ አልፈው ነበር። አሁን እዚያ ላይ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቼ ሰዓት ያያሉ።

ባለፈው የገበያ ቀን የደካዋን ከሩቅ አየኋት። ልጇን አዝላ ከአስፋልቱ ዳር፣ የጎርፍ ቦዩ አፋፍ ላይ ደርሳለች። ቆምኩ፤ ሳላስበው መዳፎቼ ተዘረጉ። እሷ አንዱን እግሯን አንስታ ቦዩን በአንድ እርምጃ ተሻገረችው። ከዚያ ዞር ብላ ከኋላዋ ለነበረችው እናቷ እጇን ሰጠቻት። ሁለቱም እስኪሻገሩ ጠበቅኩና ጠራኋት።