መግለጫና መርዶ

አትላንታ ውስጥ የፓርቲያችን የድጋፍ ቅርንጫፍ፣ «ቻፕተር» የምንለው፣ አሥራ አምስት አባል ነበረው፤ ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። አብዛኞቻችን ኤርፖርት የምንሠራ የታክሲ ሹፌሮች ስለነበርን ሚቲንጋችንን ኮሌጅ ፓርክ፣ ላይን ይዘን ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ቦታ ላይ እናደርገዋለን። አንድ መኪና ውስጥ ታጭቀን ስለ አገራችን ዴሞክራሲ እንወስናለን! አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ያኔ ግን የሚስቅብን ቢገኝ እደባደብ ነበር።

ከነዚያ ሹፌሮች አንዱ የልብ ጓደኛዬ ነበር። በአንድ ዓመት ዲቪ ደርሶን መጥተን፣ ዱሉዝ ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ካርቶን ስንሸከም ከርመናል። አንድ አልጋ በሺፍት ተፈራርቀን ተኝተንበታል፤ እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ። እናቱ በየበዓሉ ሲደውሉ እኔንም ሳያናግሩ አይዘጉም ነበር። «ልጄን አደራ» ይሉኛል። «እሱ ነው እንጂ የኔ ጠባቂ» እላቸዋለሁ።

ከዚያ አገር ቤት ያሉት መሪዎቻችን ተጣሉ። ሊቀመንበሩ ምክትሉን አባረረ፣ ምክትሉ ሊቀመንበሩን አባረረ፣ ሁለቱም «ማኅተሙ እኔ ጋ ነው» አሉ። ለምን እንደተጣሉ ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም፤ ያኔም አላውቅም ነበር። በሳምንቱ ግን እኛም እዚህ ለሁለት ተሰነጠቅን። እኔ ከሊቀመንበሩ፣ እሱ ከምክትሉ። እኛ መግለጫ አወጣን። ጸሐፊ ነኝና በገዛ እጄ ጻፍኩት፤ ጓደኛዬን «ሰርጎ ገብ» አልኩት። አብሮኝ እንጀራ የቆረሰውን ሰው! እነሱም በተራቸው አወጡ፤ እኔን «ተላላኪ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ላይን ላይ ስንገናኝ መስታወቱን ዘግቶ ያልፈኛል። ሁለቱ መሪዎች እንደሆኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታርቀው፣ ተቃቅፈው ፎቶ ተነስተዋል። ይድላቸው።

ተኮራርፈን ዓመት ካለፈን በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬ እህት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ።

«እማዬ አርፋለች» አለችና ለቅሶው አነቃት። መጣላታችንን ለቤተሰቡ አልነገረም ነበር። «በስልክ እንዳይሰማ። ሰው ይዘህ ሂድና አንተ ንገረው። እዚያ ካንተ ሌላ ማን አለው?»

መርዶ መቼም እንዲህ ነው፤ የቅርብ ሰው፣ ትልቅ ሰው አስከትሎ፣ በጠዋት ሄዶ፣ አስቀምጦ ነው የሚያረዳው። እምቢ አይባልም። እኔም እምቢ ማለት አልፈለግኩም። እውነቱን ልናገርና፣ ሲያለቅስ አቅፈዋለሁ፣ በዚያው እንታረቃለን የሚል ሐሳብ ልቤ ውስጥ ነበር።

እሁድ ጠዋት ባለቤቴንና አንድ ወሎዬ ሀጂን ይዤ ስኔልቪል ወዳለው ቤቱ ሄድኩ። ስህተቴ የጀመረው ሀጂን ሳስከትል ነው። እኔ ትልቅ ሰው ብዬ ወሰድኳቸው፤ እሳቸው ግን በከተማው የታወቁ አስታራቂ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተጣላ ሸሪክ፣ ሁሉም እሳቸው ዘንድ ነው የሚሄደው። በሩን ከፍቶ ሀጂንና እኔን ጎን ለጎን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሀጂ፣ እርስዎን አከብራለሁ። ለሽምግልና ከሆነ ግን ይቅርብዎ። ከዚህ ሰውዬ ጋር አልታረቅም።»

«ልጄ፣ ለሱ አይደለም የመጣነው። እስቲ እንግባ» አሉት።

«ሰርጎ ገብ ቤት ገብቶ ምን ይሠራል? መግለጫውን ያንብብልዎ!»

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት! ግን ደሜ ፈላ። «መጀመሪያ ፓርቲውን የከፈለው ማን ሆነና ነው?» አልኩት። እሱ ማኅተም አለ፣ እኔ ጉባኤ አልኩ። እሱ ደንብ ጠቀሰ፣ እኔ አንቀጽ ጠራሁ። ሀጂ እጅጌዬን ይጎትታሉ። ባለቤቴ ከኋላችን ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፤ እሷን እንኳ ልብ አላላትም። በመጨረሻ «እናንተ ጋ ድሮም ሰው የለም!» ብዬ ጮህኩበት። በሩን ፊቴ ላይ ወረወረው።

ሀጂ አንኳኩ። ስልክ ደወሉለት፤ አላነሳም። ወደ እኔ ዞረው «አንተ ግን ሰው ነህ?» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ።

እዚያው ደጁ ላይ ቆመን ምን እናድርግ ስንባባል፣ ከውስጥ ጩኸቱን ሰማን። የነሱ ወገን ፓርቲ የፌስቡክ ገጽ ላይ የሐዘን መግለጫ ወጥቶ ኖሯል። የእናቱ ፎቶ፣ ከሥሩ የፓርቲው ዓርማ፣ ከዚያ «የትግል ጓዳችን ወላጅ እናት» የሚል ጽሑፍ። ማን ሰምቶ እንደለጠፈው እግዜር ይወቀው። የእናቱን ሞት ብቻውን፣ ከስልኩ ላይ አነበበ። በሩን ለሀጂና ለባለቤቴ ከፈተላቸው፤ እኔ መኪና ውስጥ ቀረሁ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል፤ የኛ ወገን አንድ ጥግ፣ የነሱ ወገን ሌላ ጥግ። እሱ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ሄጄ ተንበረከክኩ። ዓይኑ አብጧል፣ ድምፁ ግን የረጋ ነበር።

«እሁድ ዕለት በሬ ላይ ስትቆም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እናቴ መሞቷን እያወቅክ ነው ስለ ፓርቲ የተከራከርከኝ?»

«አዎ» አልኩት።