ቀጭኑ እንጨት፦ ለልጄ ትንሽ ጊታር ፍለጋ ከወልቂጤ ቡታጅራ

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወልቂጤ መናኸሪያ ደረስኩ። የጉዞዬ ዓላማ አንድ ነው፤ አረቅጥ በነርስነት የምትሠራውን ልጄን ትርሲትን ይዤ ቡታጅራ መውረድ፣ እዚያ ያገለገሉ ጊታሮችን እየጠገኑ የሚሸጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት መሄድ፣ ለመንገድ የምትመች ትንሽ ጊታር መምረጥ።

እኔ አናጢ ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ልጅ ሳለሁ አንድ የተሰበረ ወንበር ፈታትቼ መልሼ ስገጥም ጀመርኩት። ስለ ሙዚቃ የማውቀው ነገር የለም። ትርሲት ተማሪ ሳለች አጎቷ አንድ ትልቅ ጊታር ሰጣት። መጀመሪያ አልወደድኩላትም፤ ጊዜ ይበላል ብዬ ብዙ ተቆጥቻለሁ። በኋላ ግን አመሻሽ ላይ ስትጫወት መላጊያዬን አስቀምጬ መስማት ጀመርኩ። መስማቴን አልነገርኳትም፤ ልጅ ሲመሰገን ይሰንፋል ብዬ አምን ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት በድንገት መጫወት ተወች። ሥራ ይዛ አረቅጥ ስትሄድም ጊታሯን ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለች ትታት ሄደች። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ "አባባ፣ ትልቅ ናት፤ ለሚኒባስ አትመችም" አለችኝ። አመንኳት። ባለቤቴ አስካለ ግን በስልክ ካወራቻት በኋላ ሁልጊዜ ፊቷ ይጠቁራል። "ልጅቷ ድምጿ ጠፍቷል። ከሥራና ከእንቅልፍ በቀር የምትነግረኝ የላትም። ትልቅ ናት ካለች ሂድና ትንሽ ፈልግላት። ልጄ እንደገና ስትጫወት መስማት እፈልጋለሁ" አለችኝ። እኔም እፈልግ ነበር፤ ያን ግን ለአስካለም አልነገርኳትም።

በቸሃ በኩል

ሚኒባሱ ሞልቶ ሲነሳ ከኪሴ ሜትሬን አወጣሁና በጉልበቴና በፊተኛው ወንበር መካከል ያለውን ክፍተት ለካሁ። ጊታሯ እዚህ ካልገባች ጉዟችን ከንቱ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እጄን ሲከታተሉ ቆዩና፣

"ወንድሜ፣ መኪናውን ልትገዛው ነው?" አሉኝ።

"አይ አባቴ፣ ለልጄ ጊታር ልገዛ ነው። እዚህ ጋ እንድትቆምላት ፈልጌ ነው።"

"ወንድ ልጅ ነው?"

"ሴት ናት።"

ትንሽ አሰቡ። "ይሁን። የእኔዋም ሞተር ሳይክል ነው የምትነዳው። ስታልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ።"

ጉብሬን አልፈን ቸሃ ስንገባ ፀሐይዋ ገና ከእንሰቱ ቅጠል ጀርባ ነበረች፤ ቅጠሉ ከውስጡ የበራ ይመስላል። የተወለድኩት እዚሁ ነው። ቢሆንም በየመንደሩ መካከል የተዘረጋውን ጀፎሮ፣ ያንን ሰፊ ሣር የለበሰ የጋራ ጎዳናችንን ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ቆመዋል። መሬት እንዲህ በጠበበበት አገር ይህን ያህል ስፋት ሳያርሱ፣ ሳያጥሩ፣ ለሰው መሄጃ፣ ለለቅሶና ለሠርግ ብለው የተዉት ሰዎች ምን ዓይነት ሰዎች ነበሩ? ዛሬ እኛ ለጎረቤት አንድ ክንድ መሬት ለመተው ሽማግሌ እናስቀምጣለን።

እምድብር ላይ ሽማግሌው ወረዱ፤ እኛ ወደ ጉመር ሽቅብ ቀጠልን። እንሰቱ በገብስ ማሳ እየተቀላቀለ ሄደ፣ ብርዱም በመስኮቱ መግባት ጀመረ።

አረቅጥ፣ አራት ሰዓት

ትርሲት ወፍራም ጃኬት ለብሳ መንገድ ዳር ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። ሻይ ጠጥተን የቡታጅራውን መኪና ያዝን። በመንገድ ላይ ስለ ጊታር የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ መጠኗን፣ አያያዟን፣ ለመግዛት ሲሄዱ እንዴት መጠንቀቅ እንደሚገባ። እሷ "እሺ አባባ" ትላለች። ልጆቼ ሁሉ "እሺ አባባ" ማለት ይችሉበታል። በዚህ ስኮራ ነው የኖርኩት።

ከዘቢዳር ተራራ ትከሻ ላይ ቁልቁል መውረድ ስንጀምር ግን እኔም አፌን ዘጋሁ። ደመናው ከእኛ በታች ነበር። መኪናው ወደ ነጩ ነገር ውስጥ ገባ፤ ለጥቂት ደቂቃ መንገዱም ተራራውም ጠፋ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ተገለጠና ከታች እስከ ዓይን መድረሻ ሜዳው፣ የቤቶቹ ቆርቆሮ፣ የጤፉ ክምር ታየ። ሹፌሩ እንኳን ቴፑን ቀነሰው። ሰው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልግም፤ በዚህ መንገድ አንድ ቀን መውረድ ይበቃል።

ቡታጅራ፣ ከሰባት ሰዓት በኋላ

ጎመን ክትፎ በቆጮ በልተን መምህር ይርጋ ቤት ሄድን። ከጎጃም ለሁለት ዓመት ብለው ለማስተማር መጥተው እዚሁ የሸበቱ ሰው ናቸው። የፊት ለፊቷ ክፍል በክርና በኮላ ሽታ ተሞልታለች፤ የኮላው ሽታ የራሴን ቤት ስላስታወሰኝ ወዲያው ደስ አለኝ።

መምህሩ እኔን ትተው ልጄን ጠየቋት። "የት ነው የምትጫወቺው?"

"በጉዞ ላይ ጉልበቴ ላይ፤ ከዚያ በተከራየኋት ክፍል አልጋዬ ላይ።"

"መድረክ?"

"ኧረ ጋሼ! ለራሴ ነው።"

"እንግዲያው ትንሽ ይበቃሻል። ግን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እንደ ትልቋ አትጮህም፤ ወፍራሙ ድምፅ ይቀንሳል። የምታተርፊው ሁልጊዜ አብራሽ መሆኗን ነው። ቤት ከተሰቀለች ትልቅ ይልቅ እጅ ላይ ያለች ትንሽ ትሻላለች።"

ሦስት ጊታሮች ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። የመጀመሪያዋ ጥቁር አንጸባራቂ፣ አዲስ ናት፤ ለልጆች የሚሠራው ዓይነት። ሁለተኛዋ ሆዷ ቀጭን፣ አንገቷ ረጅም ነው፤ ቦርሳ ውስጥ እንድትገባ ተብላ የተሠራች። ሦስተኛዋ የማር ቀለም ያላት አሮጌ ስትሆን ጎኗ ላይ ረጅም ጭረት አለ።

ጥቁሯን አነሳሁና ፊቷን በጣቴ አንኳኳሁ። ወፍራም ኮምፔርሳቶ፣ ተደራርቦ የተጣበቀ እንጨት ነው። "ይቺ ናት፤ ብትወድቅም አትሰበርም" አልኩ።

"ልክ ነው፣ አትሰበርም" አሉ መምህር ይርጋ። "ወንበር ብትሆን እኔም እቀመጥባት ነበር።"

ትርሲት ሳቋን ለመያዝ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሁለተኛዋን አንስቼ፣ እንደ ሳንቃ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በአንገቷ ርዝመት አየሁ። "ይህቺ አንገቷ ጠማማ ነው። ወደ ግራ ዞሯል" አልኩ። መምህሩ ተቀብለው አዩ፤ ደግመው አዩ። "በስመ አብ! ሁለት ወር እጄ ላይ ስትቆይ እኔ አላየሁትም።" ክብሬ በከፊል ተመለሰልኝ።

ሦስተኛዋ ቀረች። መምህሩ በክሩና በአንገቷ መካከል ሁለት ሳንቲም ደርበው አስገቡና ክሩ ዝቅ ያለ መሆኑን፣ ጣት እንደማያሳምም አሳዩን። የመቃኛ ቁልፎቿን አንድ በአንድ አዞሩ። ከዚያ በድምፅ ቀዳዳዋ ትንሽ መስታወት አስገብተው በስልካቸው መብራት እያበሩ፣ "እርስዎ የእንጨት ሰው ነዎት፤ ይህን ይመልከቱ" አሉኝ።

አጎንብሼ አየሁ። ፊቷ ከውስጥ ብርሃን ሊያሳልፍ ምንም አልቀረውም። ከሥሩ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ዘንጎች ተለጥፈዋል፤ ጫፋቸው ላይ ደግሞ ጭራሽ ተልገው ሊጠፉ ደርሰዋል።

"ስንት ሚሊ ነው?"

"ሁለት ተኩል ቢሆን ነው። ክሮቹ ተደምረው ግን አንድ ሰው የተንጠለጠለባት ያህል ይስቧታል።"

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን በሙሉ ጥሩ እንጨት ማለት ወፍራም እንጨት ነው ብዬ ሠርቻለሁ። ይህን የሠራ ሰው ግን እንጨቱን እስከ መጨረሻው ድረስ ልጎ፣ ሊሰበር አንድ የመላጊያ ግፊት ሲቀረው እጁን ያቆመ ነው። የት ላይ ማቆም እንዳለበት እንዴት አወቀ? እኔ እንዲህ ያለ እጅ የለኝም።

በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሌላ ነገር መጣብኝ። ከሁለት ዓመት በፊት የትርሲት ጊታር ፊቷ ትንሽ ተሰንጥቆ ነበር። ጀርባዋን ፈልቅቄ ከውስጥ አንድ የዋንዛ ሳንቃ በኮላ ለጥፌ፣ በምስማር አጥብቄ፣ ሁለት ጊዜ ቬርኒሽ ቀብቼ መለስኩላት። ሙሉ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

"መምህር" አልኩ፣ "አንድ ሰው ከፊቷ ሥር ወፍራም ሳንቃ ቢለጥፍባትስ?"

"እንዴት ያለ ሰው?" ብለው ሳቁ። "እሱማ ጊታር አልጠገነም፤ የእህል ሳጥን ነው የሠራው።"

"ጋሼ፣ ስለ ክሩ ንገሩን፤ ናይለን ነው ብረት የሚሻለው?" አለች ትርሲት በጥድፊያ። ፊቷ ቀልቷል።

ያኔ ገባኝ። መጫወት የተወችው ጊታሯ ትልቅ ስለሆነች አይደለም። እኔ ድምጿን ስለዘጋሁት ነው። "ለሚኒባስ አትመችም" ያለችኝ እኔን ላለማሳፈር ነው።

"መምህር፣ ያ ሰው እኔ ነኝ" አልኩ።

መምህሩ ደነገጡ። "ኧረ ይቅርታ ያድርጉልኝ! አላወቅሁም።"

"እርስዎ እውነቱን ነው የተናገሩት።" ወደ ልጄ ዞርኩ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ አባባ? የሰው ሥራ አስቀምጠህ ሦስት ቀን ደከምክባት። ስትሰጠኝ 'ከእንግዲህ ዕድሜ ልክሽን አትሰበርም' አልከኝ። ያን ፊትህን እያየሁ ምን ልበልህ?"

"እውነቱን ነዋ!" ብዬ ጮህኩ።

"ይኸው! እንዲህ ስትሆን ነዋ የማልነግርህ!"

መምህር ይርጋ መስታወታቸውን በሸሚዛቸው ይወለውላሉ። ልክ ነበረች። እዚያው ቁጭ እንዳልኩ፣ ሰው ፊት፣ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኋት። ለልጄ እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ ቃሉ ከአፌ ለመውጣት አስቸገረኝ።

ትርሲት አሮጌዋን ጊታር ከጠረጴዛው አንስታ እቅፏ ውስጥ አስገባቻት፤ ልክ ገባች። ቀስ ብላ ቃኘቻትና መጫወት ጀመረች። ጣቶቿ መጀመሪያ ተሳሳቱ፤ በኋላ አስታወሱ። ድምፁ ትንሽ ነው፣ ግን ንጹሕ ነው፤ ክፍሉን ሞልቶ ይተርፋል። መምህሩ እጄን ይዘው የጊታሯ ጀርባ ላይ አስቀመጡት። እንጨቱ መዳፌ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሳንቃ በእጄ አልፏል፤ አንዱም እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አልደበቅሁም።

ቅኝቷ እንደማይወርድ ለማረጋገጥ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አልወረደም። ዘጠኝ ሺህ ብር ከፈልኩ፤ መለወጫ ክርና የጨርቅ ቦርሳ መምህሩ መረቁልን።

የመልስ መንገድ

መናኸሪያው ውስጥ ረዳቱ ጊታሯን አይቶ፣ "እናት፣ ይቺ ሰው ናት ዕቃ?" አላት።

"ሕፃን ናት። ታቅፌያት ነው የምሄደው" አለች ትርሲት።

"በይ እንግዲያው አስተኛልን፤ እንዳታለቅስ!"

ተሳፋሪው ሳቀ። ወንበሩ ላይ ጊታሯ በትርሲት ጉልበቶች መካከል ቆመች፣ ቦታም ተረፈ። መኪናው እስኪሞላ ስትጫወት ከኋላ አንዲት ነጋዴ፣ "ውይ፣ እጅሽ ይባረክ!" አሉ፤ ስሟን፣ አገሯን፣ ማግባቷን ሳይቀር ጠየቁ። ተራራውን ስንወጣ ልጄ ስለ ሥራዋ፣ ስለ አከራይዋ፣ በብርድ ስለሚሰነጠቀው እጇ አወራችኝ። ለሁለት ዓመት ያላወራችኝን ነው። አንድ ጊዜ ልመክራት አፌን ከፍቼ መለስኩት።

አረቅጥ ላይ ስትወርድ፣ "ሌላስ የደበቅሽኝ አለ?" አልኳት።

አመነታች። "የሠራህልኝ አልጋ… ይንጫጫል።"

"በጣም?"

"ጎረቤት ይሰማል አባባ።"

አመመኝ፣ አልዋሽም። ቢሆንም እስከ እምድብር ድረስ ብቻዬን ስስቅ መጣሁ።

ወልቂጤ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት

ትንሽ ጊታር ለሚመርጥ አንባቢ ያየሁትን ልናገር፦ አንገቷን በአንድ ዓይን ተመልከቱ፤ የክሩን ከፍታ ለኩ፤ ቁጭ ብላችሁ ታቀፏት፤ ስታንኳኩ ጠንካራ የሆነችውን ሳይሆን ስትነካ የምትንቀጠቀጠውን ምረጡ። ለራሴ የተማርኩት ግን ሌላ ነው። ልጆቼን "አትዋሹ" እያልኩ አሳድጌ፣ እውነት ሊነገረው የማይቻል አባት ሆኜ ቆይቻለሁ። "እሺ አባባ" ማለታቸውን እንደ መከበር ቆጠርኩት። በዘመኔ ካጠበቅኋቸው ነገሮች ስንቱን ዝም አሰኝቼ ይሆን?

ቤት ስገባ አስካለ ወጥ ታማስል ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ የሳንቃውን፣ የይቅርታውን፣ የአልጋውን። ከዚያ፣ "አንቺስ? ሳትነግሪኝ የተውሽው ነገር አለ?" አልኳት።

እሳቱን ቀነሰች። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ወንበር ወደ እኔ ገፋች።

"ተቀመጥ" አለችኝ።