ስህተት ስፈልግ የዋልኩበት ቀን

ስልክ እንጨት ላይ ተኝቶ ሲንዘፈዘፍ የሚያወጣውን ድምፅ አልወድም። ረጅሙን ጥሪ ማለቴ አይደለም፤ መልእክት ሲገባ የምትሰማዋን አጭር ጉርምርምታ ነው የምልህ። ባለፈው ሳምንት ካፌ ውስጥ የጎኔ ሰው ስልክ ጠረጴዛው ላይ እንደዚያ ቢል፣ ያዘዝኩትን ሻይ ትቼ ወጣሁ። አስተናጋጇ ተከትላኝ መጥታ "ሻዩ ምን ሆነ?" አለችኝ። ሻዩ ምንም አልሆነም ነበር።

ነገሩ የሆነው እስራኤል፣ ያቭኔ ከተማ ነው፤ ወጣትነቴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው። ሰው ሁሉ ስለ ነገው ኮምፒውተር ሲያወራ እኔ የምበላው ከትናንቱ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ለአንድ የጤና መድን፣ እኛ ሰፈር ኩፓት ሖሊም ለምንለው፣ የታካሚዎቹን አሮጌ ዳታቤዝ ወደ አዲስ ያዛውር ነበር። አሮጌው እኔ ሳልወለድ የተጻፈ ነው። ምድር ቤት፣ ቁም ሣጥን በሚያክል፣ ሜይንፍሬም በሚባል ኮምፒውተር ውስጥ ይኖር ነበር፤ የክፍሉ በር ሲከፈት ብርድና የጋለ አቧራ ሽታ አብረው ይወጣሉ። የተጻፈበትን የፕሮግራም ቋንቋ የሚያውቀው ጡረታው የደረሰ፣ ከሩሲያ የመጣ ባልደረባዬ ብቻ ነበር። እሱ ይፈታል፣ እኔ በአዲሱ ቋንቋ እጽፋለሁ። ማሽኑን "ሽማግሌው" ይለው ነበር። "የተቀጠርነው ሽማግሌውን ልንቀብር ነው፤ ግን ገና ይተነፍሳል፣ ቀስ በል" ይለኛል።

ሽማግሌው ቀርፋፋ ነበር። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የማጽናኛ ደብዳቤ ያወጣል፤ ደብዳቤው ወረፋ ይጠብቃል፣ ይታተማል፣ በፖስታ ይሄዳል፣ ሲደርስ ለቅሶው አልቋል። አዲሱ ግን ሆስፒታሉ ሞቱን እንደመዘገበ ወዲያው በስልክ መልእክት ይልካል። አለቃችን በዚህ ኩራቱ ልክ አልነበረውም። "ከእንግዲህ ማንም ደብዳቤ አይጠብቅም!" እያለ በየጠረጴዛው ይዞር ነበር። እኔ አንዳንድ ደብዳቤ ቢዘገይ ይሻላል ባይ ነበርኩ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ግን ለዚህ ሐሳቤ አልነበረም።

አዲሱ ፕሮግራም ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያ ጠዋት ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንዘፈዘፈ። በዕብራይስጥ፣ ሐዘናችሁን እንካፈላለን የሚል መልእክት ነበር። የሟች ስም ተብሎ የተጻፈው የአክስቴ ስም ነው።

አክስቴ ያሳደገችኝ ናት፤ ቂርያት ማላኪ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ደረጃው ሁልጊዜ በረኪና በሚሸትበት ሕንፃ። ዕብራይስጥ ማንበብ አትችልም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የመጡት ደብዳቤዎች ጨው ዕቃው ሥር ይጠብቁኛል። አንዱን ልከፍት ስል "ቆይ፣ መጀመሪያ ልቀመጥ" ትላለች። ትቀመጣለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ "በል አሁን" ትላለች። ስልክ ቁጥር በጠየቋት ቦታ ሁሉ የምትሰጠው የኔን ነበር። "ለልጁ ንገሩት፤ እሱ ሰው አያስደነግጥም።" ስለዚህ መልእክቱ እኔ ዘንድ መምጣቱ ትክክል ነው። የቀረው ሁሉ ስህተት መሆን ነበረበት።

በዚያ ሳምንት ለሳል ብላ ሆስፒታል ገብታ ነበር። በዋዜማው ማታ ስደውልላት "ሾርባቸው ጨው የለው፣ ምን አገር ነው ይኼ" ብላ አማርራለች። ጨው የሚያምረው ሰው አይሞትም ብዬ ስልኩን ለባልደረባዬ አሳየሁት።

"ባግ ነው" አልኩት፤ የፕሮግራም ስህተት ማለቴ ነው።

መነጽሩን አውልቆ አነበበው። "ሊሆን ይችላል" አለ፤ ቀስ ብሎ፣ ሰው ለበሽተኛ እንደሚያወራው። "ምን ትጠረጥራለህ?"

የምጠረጥረውን አውቅ ነበር። እኛ ከኢትዮጵያ መጥተን እዚህ አገር ስንገባ የትውልድ ቀኑን የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ጸሐፊዎቹ ለአብዛኞቻችን ጃንዋሪ አንድን አደሉን። የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆነ። ስለዚህ ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ ቀን የተወለዱ ሞክሼ አሮጊቶች ሞልተዋል። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ አንድ ሰው ሁለቴ የተመዘገበ ሲመስለው ሁለቱን መዝገብ አንድ ያደርጋል። በሙከራው ጊዜ አንድ የገደራ ሽማግሌ ከአንዲት ሞክሼው ጋር ተደባልቆ እርጉዝ ሆኖ አግኝተነው በሳቅ ፈርሰን ነበር። አሁን ያ ስህተት ተመልሶ እንዲመጣ እጸልይ ጀመር።

አስቀድሜ ለአክስቴ ደወልኩ። ያነሳው ወንድሟ፣ አጎቴ ነው። አጎቴ ገደራ ይኖራል፣ ቤኤር ቱቪያ ያለ ፋብሪካ ይሠራል፤ በሥራ ሰዓት በእህቱ ስልክ "አቤት" የሚልበት ምክንያት አልነበረውም።

"ጋሼ፣ እሷስ እንዴት አደረች?"

"ደህና ናት፣ ደህና ናት። ተኝታለች።"

"ድምጿን ልስማ።"

"ተኝታለች አልኩህ እኮ! ሐኪሙ አትቀስቅሷት ብሏል። ስማማ፣ የቤቱ ኮምፒውተር አልበራም ብሏል። ከሰዓት መጥቼ ልውሰድህና እየውልኝ።"

"በአውቶቡስ እመጣለሁ።"

"አይ! ብቻህን አትምጣ። እኔው እመጣለሁ፤ እሺ፣ ቤሰደር?"

ለኮምፒውተር ጥገና ማንም ሰው ብቻህን አትምጣ ተብሎ አያውቅም።

እኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ሳይሰማ ሰዉ ይሰበሰባል፣ የሚናገረው ሽማግሌ ይመረጣል፣ እንዳይወድቅ የሚይዙት ሰዎች ከኋላው ይቆማሉ፤ ከዚያ ይነገረዋል። እስከዚያ ሁሉም ይዋሻል። እኔም ራሴ ለሌላ ሰው ስንት ጊዜ ዋሽቻለሁ። ስለዚህ አልገባኝም ልልህ አልችልም። ግን ፊት ለፊቴ ኮምፒውተር ነበር፤ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ስህተት አለ ብሎ ለማመን ምክንያት አያጣም።

ባልደረባዬ ምድር ቤት ወርዶ አሮጌውን መዝገብ ያወጣል፣ እኔ አዲሱን እፈትሻለሁ። ምሳ አልበላንም። ከቀትር በኋላ ሞክሼዋን አገኘኋት፤ ያው ስም፣ ያው የአያት ስም፣ ያው ጃንዋሪ አንድ፣ እዚያው ቂርያት ማላኪ።

"ይቺ ናት!" ብዬ ጮህኩ። "የሞተችው ይቺ ናት!"

ያኔ ያልኩት ነገር ለራሴ ጆሮ ደረሰ። ይቺኛዋም የአንድ ልጅ ስልክ ቁጥር ሰጥታ ይሆናል። ለማላውቃት አሮጊት ሞት እንደ ሎተሪ ነበር የጮህኩት።

መዝገቧን ከፍቼ አየሁት። ሴትየዋ በዚያው ጠዋት የግፊት መድኃኒቷን ወስዳለች። መዝገቧ ከአክስቴ ጋር አልተነካካም። ባልደረባዬ አሮጌውንና አዲሱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ወረደ።

"ፕሮግራሙ ትክክል ሠርቷል" አለኝ።

በእኛ ሙያ ይህ ዓረፍተ ነገር ኬክ የሚቆረስለት ነው። እሱ ግን ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የተናገረው። ከዚያ "ለአጎትህ ደውልና አውቄአለሁ በለው። ለምን ይሰቃያል?" አለኝ።

"አይሆንም። ሰዎቹ ተሰብስበዋል።"

አልገባውም። "እኛ ዘንድ በፖስታ ቤት ቴሌግራም ነበር የሚነግሩን" አለ፤ "በየቃሉ ስለሚከፈልበት አጭር ነበር።" ከዚያ ጃኬቴን ከወንበሩ አንሥቶ አለበሰኝ፤ ሙቀት ቢሆንም ዝም ብዬ ለበስኩት።

አጎቴ ከፋብሪካ የመጣ እንዲመስል የሥራ ልብሱን ለብሶ ነበር። ልብሱ ግን ተተኩሷል። ከያቭኔ ስንወጣ የብርቱካን አበባ ሽታ በመስኮቱ እየገባ፣ መኪናው ውስጥ ሁለታችንም ስለ ኮምፒውተር አወራን።

"ምን ሆነ ነው ያልከኝ?"

"ይበራል፤ ከዚያ ይጠፋል።"

"ጠዋት አልበራም ነበር ያልከኝ።"

"አሁን ትንሽ ትንሽ ጀምሮታል።" መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። "ቫይረስ ይሆን እንዴ?"

"ይሆናል።"

"ይድናል?" አለና ቶሎ ራሱን አረመ። "ይሠራል ወይ ማለቴ ነው።"

"ይሠራል ጋሼ። አታስብ።"

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሳልጠይቀው "የፋብሪካው አቧራ" አለኝ። ስለ ቲማቲም ዋጋ ጀመረ፣ ተወው። እኔ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ይዞኛል፤ ሲነግሩኝ ያልሰማ ሰው ፊት ከየት አመጣለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ማስመሰል አልችልበትም። ከፊቴ ቢያነቡብኝ፣ ይህ ሁሉ ሰው ሥራውን ትቶ የመጣው፣ እሱም ያንን ልብስ የተኮሰው በከንቱ ሊሆን ነው።

ገደራ፣ አጎቴ ቤት ስንደርስ መንገዱ በመኪና ተሞልቶ ነበር። ግቢው ውስጥ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ አንድ ድምፅ አይሰማም። አገር ቤት ቢሆን ጎህ ሲቀድ ነበር የሚነገረኝ፤ እዚህ ቀብሩ ወዲያው ስለሆነ አያስጠብቅም። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲጠጉ ትንፋሻቸው ተሰማኝ። መርዶውን እንዲናገር የተመረጠው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ልጄ፣ ሰው ነህና ትችለዋለህ። አክስትህ አርፋለች።"

ያ ሁሉ ጭንቀቴ ለከንቱ ነበር። ጠዋት በስልክ ያነበብኩት፣ ቀኑን ሙሉ በወረቀት ያረጋገጥኩት ነገር፣ በሰው አፍ ሲወጣ እንደ አዲስ ሆነ። የያዙኝ ባይኖሩ መሬት ላይ ነበርኩ። ድምፄን እንደዚያ ሰምቼው አላውቅም።

በሰባቱ የሐዘን ቀን ውስጥ አጎቴ ውኃ እንኳ በግድ ነበር የሚጎነጨው። አንድ ከሰዓት ከሩቅ የመጡ ለቀስተኞች አጠገቡ ተቀምጠው ሳለ፣ አንዲት ሴት "ልጁስ እንዴት ሰማ?" ብላ ጠየቀችው።

"እኔ ነኝ ያመጣሁት" አላት። "ያቭኔ ድረስ ሄጄ። ኮምፒውተር ተበላሽቷል ብዬ።"

"አልጠረጠረም?"

አጎቴ ወደኔ ዞረ። ይህንኑ ጥያቄ እሱም ራሱን ሲጠይቅ እንደሰነበተ ፊቱ ላይ አየሁት።

"ምን እጠረጥራለሁ" አልኳት። "ስለ ቫይረስ እያወራን ነው የደረስነው።"

"እንደ ወጉ ነዋ" አለች ሴትየዋ። "ተባረክ።"

አጎቴ ራሱን ነቀነቀ። ትንሽ ቆይቶ ከፊቱ የቀረበለትን ዳቦ ወደ ራሱ ሳብ አደረገ፣ ቆረሰ፣ ግማሹን ለኔ ሰጥቶ በላ።