ብራና የለበሰው ራኬት

«ከበሮ ይዘህ ነው ኮን የምትሄደው?»

መምህሩ ራኬቴን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት ጫፍ አንጠልጥለው ያዩታል። «የዋድላ ልጆች ምን እንደሚሉን ታውቃለህ? ላሊበላዎች ለማኅሌት መጡ!»

«ይበሉ ጋሼ። እኔ ኳሷን እመልሳለሁ።»

«መመለስ፣ መመለስ! መቼ ነው የምትመታው?»

የወጣት ማኅበሩ አዳራሽ ውስጥ ነበርን፤ እኔ፣ ከደሴ ተመድበው የመጡት የስፖርት መምህርና የማኅበራችን ሊቀ መንበር። ለጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ወደ ዋድላዋ ከተማ ወደ ኮን የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የጭነት መኪናው ጠዋት ይነሳል። በምጽፋቸው ግጥሞች ውስጥ ባሕሩም ባቡሩም ሞልቷል፣ እግሬ ግን ከገነተ ማርያም አልፎ አያውቅም። ይቺ መኪና ካመለጠችኝ ሌላ አትመጣም።

መምህሩ ያመጡት ራኬት ቀይ ስፖንጅ የለበሰ ነው። ኳስ ገና ሲነካት ያስፈነጥራታል። «ችኩል ነህ፤ ለችኩል የተሠራ ራኬት ይኸውልህ» ብለው ሰጡኝ። እውነት መስሎኝ ነበር። ወንበር ላይ ረግቼ መቀመጥ የማልችል፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የምመልስ ልጅ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሰው መምታት እንጂ ሌላ ምን ያምርበታል?

የማኅበሩ አሮጌ ራኬት ግን ላስቲኩ ተልጦ ባዶ ጣውላ ቀርቶ ነበር። አጎቴ ብራና ፋቂ ናቸው፤ ቢላ የበሳውን፣ ለጽሕፈት የማይሆን ቁራጭ ለመንኳቸው። መጀመሪያ የጠጉሩን በኩል ወደ ውጭ አድርጌ በሙጫ ለጠፍኩት። ለስላሳ ነውና ኳሷ እየተንሸራተተች አስቸገረችኝ። ልጬ ገለበጥኩት። የሥጋው በኩል ሻከር ይላል፤ የፈጠነች ኳስ ስታርፍበት ጉልበቷን ትጥላለች፣ መረቡን ለጥቂት ተሻግራ ትሞታለች። ያኔ ነው ጠረጴዛ ፊት ስቆም መጠበቅ እንደምወድ ያወቅኩት። ሌላው እስኪሳሳት ድረስ ቀኑን ሙሉ ብቆም አይሰለቸኝም።

«በሁለቱም ይጫወት» አለ ሊቀ መንበሩ መፋቂያውን እያኘከ። «አይቼ እወስናለሁ።»

በቀዩ ጀመርኩ። መምህሩ የላኳትን ኳስ ባለ በሌለ ኃይሌ መታኋት። በራሳቸው ላይ በርራ ሄዳ ግድግዳው ላይ በሥዕል ከተሰቀሉት ባለ ጢም የአብዮት መሪዎች የአንዱን ጢም ጧ አደረገችው። ሥዕሉ ወደ አንድ ጎን ዘመም አለ።

ሊቀ መንበሩ ማኘኩን አቆመ። ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር የሚጠየቅበት ጊዜ ነበር።

«ሆን ብለህ ነው?»

«ራኬቱ ነው ጓድ።»

«ራኬቱ ፀረ አብዮት ነው በለኛ!»

መሳቅ ይፈቀድ አይፈቀድ አላወቅኩም። እሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ሥዕሉን አቃና፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገ፣ ወረደ። «በል ከበሮህን አንሳ።»

አነሳሁ። መምህሩ መቱ፤ ብራናው ድም አለና ኳሷ መረቡ ሥር ጠብ አለች። ጎንበስ ብለው በጭንቅ አነሷት፤ መልሼ አስቀመጥኩላቸው። ኮታቸውን አወለቁ። እንደገና መቱ፣ እንደገና ጠብ። በመጨረሻ በንዴት ሲመቱ ኳሷን ራሳቸው መረቡ ላይ ሰኳት።

«ይሄ ጨዋታ አይደለም! ሰው ማድከም ነው!»

ሊቀ መንበሩ መፋቂያው ከአፉ እስኪወድቅ ሳቀ። «እንግዲያው የዋድላን ልጆች ያድክምልን መምህር! ደግሞ ይሄኛው ባለ ጢሞቹን አይነካም።» ወደ እኔ ዞረ። «ጠዋት መኪናው ላይ እንዳላጣህ።»

እፎይ አልኩ። ኮን መሄዴ ነው። ስለዚያ ጢምም ማንም አይጠይቀኝም። ላቤ ጀርባዬ ላይ ሲቀዘቅዝ እንኳ ደስ ይል ነበር። ከእንግዲህ መቺ ለመምሰል መልፋትም ቀረልኝ።

መምህሩ ኮታቸውን ለበሱ፣ ቀዩን ራኬት ብብታቸው ሥር ሸጎጡ።

«ሲስቁብህ አሠልጣኜ እሳቸው ናቸው እንዳትል» አሉኝ።

«ካሸነፍኩስ ጋሼ?»

ወጡ፤ የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ጓ ብሎ ተዘጋ።