ከመንገዱ ማዶ ያለው ዛፍ

ሥራዬ ኢንተርኔትን ያለ ገመድ ከጣሪያ ወደ ጣሪያ ማሻገር ነው። ሳህን የሚመስሉ ሁለት አንቴናዎች ፊት ለፊት ይተከላሉ፤ መሀላቸው የሚጋርድ ነገር ከሌለ መስመሩ ይሠራል። ዴንቨር ውስጥ ስንቱን ሆቴልና ቢሮ አገናኝቻለሁ። ስለዚህ እዚያው አጠገብ አውሮራ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ከመንገዱ ማዶ አዳራሽ ስትከራይ፣ ደረቴን ነፍቼ «እኔ አለሁ» አልኩ። ግፊያውን የማይችሉ አረጋውያን አዳራሹ ውስጥ ሆነው ቅዳሴውን በስክሪን እንዲከታተሉ ታስቦ ነበር።

አንቴናዎቹን የተከልኩት በዐቢይ ጾም መግቢያ፣ በረዶው ገና ሳይለቅ ነው። የጣሪያው ቁልፍ ያላቸው አንድ ሽማግሌ መሰላሉን ያዙልኝ። ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ፤ አገር ቤት ግን ዕድሜያቸውን የጨረሱት ቴሌ ውስጥ፣ በየተራራው ስልክ የሚያሻግር የማይክሮዌቭ አንቴና ሲጠግኑ ነው። መንገዱ ዳር የቆመውን እርቃኑን የቀረ ዛፍ አሻቅበው አዩና፣

«ልጄ፣ ይሄ ቅጠል ሲያወጣስ? ትንሽ ከፍ ብታደርገው» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእናንተ ጊዜ ዕቃ አይደለም። ሲግናሉን ቼክ አድርጌዋለሁ፣ ፐርፌክት ነው።»

አብረውን የነበሩት የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ያ ሳቅ ዛሬም ያሳፍረኛል፤ ግን የባሰም አለ።

ፋሲካ ያን ዓመት ዘግይቶ ነበር የዋለው። የስቅለት ዕለት ዛፉ ቅጠል በቅጠል ሆኖ፣ ጠዋት በጣለው ዝናብ ርሷል። አዳራሹ ሞልቶ ስግደቱ ሲጋጋል ስክሪኑ ተቆራረጠና ድርግም አለ። ግንባራቸውን መሬት ያስነኩ እናቶች ድምፁ ሲጠፋ መነሳት አለመነሳቱ ግራ ገባቸው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ እየሮጠ መጣ። «ምን ሆነ?»

በመስኮት ዛፉን አየሁት። ወዲያው ገባኝ። አፌ ግን «ሰው ሳይነካካው አይቀርም» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። እሑድ እሑድ ጣሪያ ላይ እየወጡ አንቴናውን የሚያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ሳልናገር በፊትም አውቅ ነበር።

አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ «እኔ እሆናለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አሉ። «አሁን ቶሎ ይሠራ፤ ሕዝቡ እየጠበቀ ነው።»

«ጋሼ፣ እባክዎ ሁለተኛ እንዳይነኩት» አላቸው ሰብሳቢው።

ከመኪናዬ ረዘም ያለ ምሰሶ አውጥቼ ወጣሁ። መሰላሉን የያዙልኝ አሁንም እሳቸው ናቸው። አንቴናውን ከቅጠሉ በላይ ሳደርገው፣ ማንም እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ትንሽ ወደ ግራ» አሉኝ። ወደ ግራ አዞርኩት፤ ምስሉ ተመለሰ።

የፋሲካ ዕለት በሕዝብ ፊት ተመሰገንኩ፣ እልል ተባለልኝ። እሳቸው ከኋላ ቆመው ያጨበጭቡ ነበር። ስንወጣ ሰብሳቢው የጣሪያውን ቁልፍ ከእሳቸው ተቀብሎ ለእኔ ሰጠኝ። ያን ጊዜ እንኳ እውነቱን መናገር እችል ነበር። «አመሰግናለሁ» ብዬ ኪሴ ከተትኩት።